የድንገተኛ ጉተታ አገልግሎት በባሕር ላይ፦ ርቀት፣ ጊዜና የክፍያ ጥያቄ

የመርከብ አደጋ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መስጠም፣ ቃጠሎ ወይም ግጭት ነው። በነዳጅ ብክለት ታሪክ ስማቸው ከሚነሣ መርከቦች መካከል ግን በርካቶቹ ወደ ጥፋት ያመሩት በመጀመሪያው ሰዓት ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር ሳይታይባቸው ነው። ሞተሩ ቆመ፣ ወይም መሪው አልታዘዝ አለ፣ መርከቡም ነፋስና ሞገድ ወደሚገፉት አቅጣጫ መንሳፈፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የርቀትና የጊዜ ስሌት ይሆናል። ከዳርቻ 20 የባሕር ማይል ርቆ የቆመ መርከብ በሰዓት 3 የባሕር ማይል ወደ ምድር ቢገፋ፣ ከዐለቱ ጋር ለመገናኘት 7 ሰዓት እንኳ አይቀረውም። በዚህ ጊዜ ውስጥ በቂ ጉልበት ያለው ጎታች መርከብ ጥሪውን ሰምቶ መነሣት፣ ማዕበሉን ሰንጥቆ መድረስ፣ ገመድ ማያያዝና መጎተት ይኖርበታል። የድንገተኛ ጉተታ አገልግሎት የሚባለው እነዚህን ሰዓቶች አስቀድሞ ለመግዛት የሚደረግ ዝግጅት ነው። ጎታቹ የሚቀመጠው አደጋው ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ ከወራትና ከዓመታት በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሠራ ነው። የአገልግሎቱ ጠቀሜታም ሆነ የገንዘብ ጣጣው የሚመነጨው ከዚሁ ከመጠበቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓውያን፣ ሰዓታቱ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የአሞኮ ካዲዝ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ማርች 16 ቀን 1978 የላይቤሪያን ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልበው አሞኮ ካዲዝ ከ220,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን አውሮፓ ስታመራ በፈረንሳይ የብሪታኒ ዳርቻ ታልፍ ነበር። ከጧቱ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ የመሪዋን ሃይድሮሊክ መሣሪያ ብልሽት አገኘው። ሞተሯ ይሠራል፤ አቅጣጫዋን የሚያዝ ግን የለም። 334 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ በኃይለኛ ነፋስ ውስጥ መሪ አልባ ሆና ቀረች።

የሚያስገርመው ጎታች መርከብ አለመጥፋቱ ነው። ፓሲፊክ የተባለው የምዕራብ ጀርመን ጎታች በአቅራቢያው ያልፍ ስለነበር እኩለ ቀን ገደማ ደረሰላት። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ገመድ ተያያዘ፤ ከሁለት ሰዓት ያህል ጉተታ በኋላም ተበጠሰ። ማታ በመርከቧ የኋላ ክፍል በኩል ሌላ ገመድ ለማያያዝ ተችሎ ነበር፤ ሆኖም 10,000 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ጎታች ያንን ክብደት በዚያ ባሕር ውስጥ ሊገታው አልቻለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል አሞኮ ካዲዝ ፖርሳል በተባለችው መንደር ፊት ለፊት ካለው ዐለት ጋር ተላተመች። የጫነችው ነዳጅ በሙሉ ወደ ባሕር ፈሰሰ።

በእነዚያ ሰዓታት የመርከቧና የጎታቹ አዛዦች ከገመዱ ሌላ ስለ ውሉም ሲነጋገሩ ነበር። ጎታቹ ሎይድስ ኦፕን ፎርም በሚባለው መደበኛ የማዳን ውል መሠረት ለመሥራት ጠየቀ፤ የመርከቧ አዛዥ ደግሞ አሜሪካ ያሉትን ባለቤቶች ማስፈቀድ ነበረበት። ስምምነቱ የተገኘው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ነው። ክርክሩ ሥራውን በእርግጥ ምን ያህል እንዳዘገየው ከዚያ ወዲህ ሲያነታርክ ቆይቷል። የቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ1984 በሰጠው ውሳኔ የኃላፊነቱን ዋና ክብደት ያሳረፈው በጉተታው ላይ ሳይሆን በመሪ መሣሪያው ጥገናና በሠራተኞች ሥልጠና፣ ማለትም በባለንብረቶቹ ላይ ነበር። ይህ ውሳኔ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ለዳርቻው ነዋሪ ግን የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። ከቀኑ አጋማሽ ጀምሮ ጎታች መርከብ አጠገቧ ቆሞ ሳለ መርከቧ ለምን ዐለት ላይ ወጣች?

ፈረንሳይ ለጥያቄው የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ በብሬስት ወደብ ታስሮ ይታያል። ከ1979 ጀምሮ መንግሥት አቤይ ፍላንድር የተባለ ኃይለኛ ጎታች ተከራይቶ በብሬስት አስቀመጠ። በ2005 ቦታውን አቤይ ቡርቦን ተረከበ፤ ተመሳሳዩ አቤይ ሊበርቴ ደግሞ ሼርቡር ላይ ተመደበ። እነዚህ 80 ሜትር ርዝመትና 200 ቶን የመጎተት ኃይል ያላቸው መርከቦች ናቸው። ነፋሱ ሲበረታ የብሬስቱ ጎታች ጥሪ ሳይጠብቅ ከወደቡ ወጥቶ ኡዌሳን ደሴት አጠገብ ይቆማል። መርከቦች የሚተላለፉባቸው መሥመሮችም ከዳርቻው ይበልጥ እንዲርቁ ተደረገ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ብረትም ሞተርም አይደለም። የባሕር ጉዳዮች አስተዳዳሪው ለአደጋ የተጋለጠውን መርከብ ባለቤት እርምጃ እንዲወስድ ያስጠነቅቃል፤ ባለቤቱ ካልወሰደ በባለቤቱ ወጪ መርከቡን ማስጎተት ይችላል። የውል ክርክሩ ከገመዱ ጊዜ ተነጠለ ማለት ነው።

ባዶ የቀረ መርከብ

የብሬር ታሪክ ከዚህ ይለያል። ጃንዋሪ 5 ቀን 1993 ከኖርዌይ 84,700 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ወደ ካናዳ ስታመራ ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን በሼትላንድ ደሴቶች አቅራቢያ ሞተሯ ቆመ። በወለሏ ላይ የታሰሩ የብረት ቱቦዎች በማዕበሉ ተፈትተው የነዳጅ ማጠራቀሚያዎቹን የአየር መተንፈሻ ሰባበሩ፤ በተሰበረው በኩል የባሕር ውኃ ገብቶ ከሞተሩ ነዳጅ ጋር ተቀላቀለ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ጠፋ። የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሄሊኮፕተሮች 34ቱን ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸውን አተረፉ፤ ለዚህ ሥራ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባም። ይሁን እንጂ ከሌርዊክ የመጣው መርከብ ሲደርስ የሚወረወርለትን ገመድ የሚቀበል ሰው በመርከቧ ላይ አልነበረም። ጥቂት ሰዎችን መልሶ ለማውረድ የተደረገው ሙከራ ዘገየ። ረፋድ 5 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ብሬር ጋርዝ ኔስ ከተባለው ቋጥኝ ጋር ተጋጨች። ነዳጁ ቀላል ዓይነት ስለነበረና ለቀናት የዘለቀው ማዕበል ስለበተነው በዳርቻው ላይ የተፈራው ያህል አልተከማቸም። ይህ የማንም ጥንቃቄ ውጤት አልነበረም።

ከብሬር የሚወጣው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉተታ የሁለት ወገን ሥራ ነው። ጎታቹ በሮኬት ወይም በጠመንጃ መሰል መሣሪያ ቀጭን ሲባጎ ይተኩሳል፤ የመርከቡ ሠራተኞች ሲባጎውን ይዘው ወፈር ያለ ገመድ፣ ቀጥሎም የብረት ሽቦ ገመዱን ወደ ወለላቸው ይስባሉ። መርከቡ ኤሌክትሪክ ካለው ይህን የሚሠራው መሽከርከሪያ ሞተር ነው። ኤሌክትሪክ ከሌለው ግን የሰው ክንድ ነው የሚቀረው፤ የእጅ ውፍረት ያለውን የብረት ገመድ ደግሞ በክንድ መሳብ አይቻልም።

ለባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሶላስ፣ ይህን ችግር ለመፍታት 20,000 ቶንና ከዚያ በላይ የመጫን አቅም ያላቸው ነዳጅ ጫኞች በፊትና በኋላ የድንገተኛ ጉተታ መሣሪያ እንዲኖራቸው ያዛል። የኋላው መሣሪያ አስቀድሞ የተዘረጋ ሆኖ ኃይል በሌለበት በአንድ ሰው እጅ ወደ ባሕር ሊለቀቅና በተረጋጋ የወደብ ሁኔታ በ15 ደቂቃ ውስጥ ዝግጁ ሊሆን ይገባል፤ ለፊተኛው የተሰጠው ጊዜ 1 ሰዓት ነው። ከ50,000 ቶን በታች ለሆኑት የመሣሪያው ጥንካሬ 1,000 ኪሎ ኒውተን፣ ለ50,000ና ከዚያ በላይ ለሆኑት 2,000 ኪሎ ኒውተን ነው። ደንቡ ለረጅም ጊዜ ነዳጅ ጫኞችን ብቻ ሲመለከት ቆይቷል። ግዙፎቹ የኮንቴይነርና የጅምላ ጭነት መርከቦች የጉተታ ሥነ ሥርዓታቸውን በጽሑፍ እንዲይዙ ከመገደድ ያለፈ ግዴታ አልነበረባቸውም። በ2024 በጸደቀው ማሻሻያ ከ2028 ጀምሮ የሚሠሩ ጠቅላላ መጠናቸው 20,000 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሌሎች መርከቦችም መሣሪያው እንዲኖራቸው ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን ገና ለብዙ ዓመታት በባሕር ላይ ይኖራሉ።

200 ቶን ምን ይጎትታል?

የጎታች መርከብ ጉልበት የሚለካው በፈረስ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ባሕረኞች ቦላርድ ፑል በሚሉት ልኬት ነው። መርከቡ በተረጋጋ ውኃ ላይ ከወደብ ምሰሶ ጋር ታስሮ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ሲነዳ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ሳብ በቶን ይሰላል። ጀርመን በሰሜን ባሕር ያስቀመጠችው ኖርዲክ እንደ አቤይ ቡርቦን ሁሉ 200 ቶን ያህል አለው። ይህ ቁጥር ግዙፍ ይመስላል፤ ግን ከነፋስ ጋር ሲነጻጸር ሌላ መልክ ይይዛል።

400 ሜትር ርዝመት ያለው የዘመኑ ኮንቴይነር ጫኝ፣ የተደረደሩት ኮንቴይነሮች ጭምር ሲታሰቡ፣ ከውኃ በላይ ያለው ጎኑ 15,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰከንድ 25 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 390 ኒውተን ገደማ ያሳርፋል። ሲባዛ ውጤቱ ወደ 600 ቶን የሚጠጋ ግፊት ነው፤ ሞገዱና የውኃው ፍሰት ገና አልታከሉም። ከፊት ለፊት የሚታየው ገጽ ግን፣ 60 ሜትር ስፋትና 50 ሜትር ቁመት ቢሰጠው፣ 3,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ግፊቱም ወደ 120 ቶን ይወርዳል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ የሚያስረዳው ነገር ግን ግልጽ ነው። ሞተሩ የቆመ መርከብ በባሕርዩ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ይንሳፈፋል። በዚህ ሁኔታ አንድ ጎታች ፈጽሞ አይችለውም። ስለዚህ የጎታቹ የመጀመሪያ ተግባር መርከቡን ወደ ወደብ መውሰድ ሳይሆን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞርና የመንሳፈፍ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ነፋሱ ጋብ እስኪል ወይም ሁለተኛ ጎታች እስኪመጣ ድረስ በዝግታ ወደ ኋላ እየተገፉ መቆየት በራሱ ድል ነው። «ጎታቹ ደረሰ፣ መርከቡ ግን አሁንም እየተገፋ ነው» የሚሉ ዜናዎች የውድቀት ዜና ተደርገው የሚነበቡት ይህ ስለማይታወቅ ነው።

ገመዱም የራሱ ጠባይ አለው። በማዕበል ውስጥ ሁለቱ መርከቦች በየሞገዱ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ። ገመዱ አጭርና የተወጠረ ከሆነ ከመጠን ያለፈው ድንገተኛ ሳብ ይበጥሰዋል፤ ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች እስከ ሺህም ይለቀቅና ክብደቱ መሐሉን ወደ ውኃ ውስጥ አስጎንብሶት እንደ ምንጭ ብረት እንዲያገለግል ይደረጋል። ይህን ለማድረግ ሰፊ ባሕር ያስፈልጋል። ዳርቻው በቀረበ ቁጥር ገመዱ ያጥራል፣ ባጠረ ቁጥርም የመበጠሱ ዕድል ይጨምራል። በአሞኮ ካዲዝ ላይ የደረሰውን በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ያለፈው ሰዓት የወሰደው ርቀትን ብቻ ሳይሆን የገመዱን ዕድልም ጭምር ነበር።

የሚጠብቀውን ማን ይከፍለዋል?

የማዳን ሥራ ጥንታዊ መርሕ «ካልዳነ ክፍያ የለም» የሚለው ነው። አዳኙ ዋጋውን የሚቀበለው ከተረፈው ንብረት ነው፤ ምንም ካልተረፈ ለድካሙ ምንም አያገኝም። መርሑ ለዘመናት ጥሩ ሠርቷል፤ ምክንያቱም ባለመርከቡም ባለጭነቱም አዳኙም ጥቅማቸው አንድ ነበር። የነዳጅ ብክለት ይህን ሚዛን አናጋው። አርጅቶ ዋጋው የወደቀ ነዳጅ ጫኝ ሊሰጥም ሲቃረብ አዳኙን የሚስበው ትርፍ አነስተኛ ሲሆን በዳርቻው የሚደርሰው ጉዳት ግን ወሰን የለውም። በ1989 ለንደን ላይ የተፈረመውና በ1996 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የማዳን ስምምነት በ14ኛው አንቀጹ፣ አዳኙ አካባቢን ከጉዳት ለመጠበቅ ከደከመ ንብረቱ ባይተርፍም ወጪው ልዩ ካሣ ሆኖ እንዲሸፈንለት ደነገገ። በ1997 የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት በናጋሳኪ ስፒሪት ጉዳይ ይህ ካሣ ወጪን እንጂ ትርፍን እንደማይጨምር ሲወስን አዳኝ ኩባንያዎች ተቃወሙ፤ በ1999 ስኮፒክ በሚል ስም የታወቀው የውል ሐረግ የተበጀው ከዚህ የተነሣ ነው። በእርሱ መሠረት የሰውና የመሣሪያ ዋጋ አስቀድሞ በታወቀ ታሪፍ ይከፈላል።

እነዚህ ሁሉ የሚከፍሉት ግን ለሠራ ነው። ቆሞ ለሚጠብቅ አይከፍሉም። ቀድሞ የግል ኩባንያዎች በዋና ዋና የባሕር መተላለፊያዎች ጎታቾቻቸውን አሰማርተው አደጋ ይጠብቁ ነበር፤ አደጋው እየቀነሰ፣ ጎታቾቹም ለነዳጅ ቁፋሮ ሥራ በቀን ክፍያ የሚፈለጉ ሲሆኑ ጥበቃው አላዋጣም። ክፍተቱ ለመንግሥታት ቀረ።

ብሪታንያ ከብሬር በኋላ ሎርድ ዶናልድሰን በመሩት ምርመራ ተመክራ ከ1994 ጀምሮ ጎታቾችን መደበች፤ ቁጥራቸው በሞላበት ዘመን አራት ነበሩ። ኦክቶበር 2010 በወጣው የወጪ ቅነሳ ዕቅድ አገልግሎቱ እንዲቋረጥ ተወሰነ። በዚያው ሳምንት አስቱት የተባለው የብሪታንያ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ በስካይ ደሴት አጠገብ ከደለል ላይ ወጣ፤ ለእርዳታ የተጠራውም ሊሰረዝ ከተወሰነበት አገልግሎት የሆነው አንግሊያን ፕሪንስ ነበር። (ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጎታቹ በዚያ ሥራ ላይ ሰርጓጁን ገጭቶ ጉዳት አድርሶበታል።) ከ2011 በኋላ በስኮትላንድ ግፊት የቀረው በኦርክኒ የተመደበው አንዱ ብቻ ነው። የመንግሥት መከራከሪያ ገበያው አገልግሎቱን ያቀርባል የሚል ነበር። መከራከሪያው ደካማ ነው። ገበያ ጎታች የሚያስቀምጠው የዘወትር ሥራ ባለበት ነው፤ ሞተር የሚቆመው ግን ሥራ ባለበት ብቻ አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ ከብሪታንያ ቀድማ ጀምራ ነበር። የሱዌዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 ተዘግቶ ነዳጅ ጫኞች በኬፕ በኩል ሲጎርፉ፣ ጆን ሮስና ቮልራድ ቮልተማደ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ጎታቾች ተሠርተው በ1976 ሥራ ጀመሩ። ሁለተኛው ስሙን ያገኘው በ1773 ከኬፕ ዳርቻ በተሰበረ መርከብ ላይ የነበሩ 14 ሰዎችን በፈረሱ ወደ ባሕር እየተመላለሰ ካወጣ በኋላ ራሱ ከሰመጠው ሰው ነው። እርሱ ተፈትቶ ለብረት ሲሸጥ፣ ጆን ሮስ አማንድላ በሚል አዲስ ስም ማገልገሉን ቀጠለ። ባለፉት ዓመታት መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው እንደገና ወደ ኬፕ ሲዞሩ የግማሽ ምእት ዓመት ዕድሜ ያለው ይኸው ጎታች ዳግም አስፈላጊ ሆነ።

ጎታች መመደብ ለማይችሉ አካባቢዎች የአላስካዋ ኡናላስካ ሌላ ምሳሌ ትሰጣለች። ዲሴምበር 2004 አኩሪ አተር የጫነችው ሰሌንዳንግ አዩ ሞተሯ ቆሞ ለሁለት ቀን ያህል ተንሳፈፈች፤ የተያያዘው ገመድ ተበጠሰ፣ መርከቧም ለሁለት ተሰበረች። በማዳኑ ሥራ ላይ ሄሊኮፕተር ወድቆ ስድስት ባሕረኞች ሞቱ፤ ከ1.2 ሚሊዮን ሊትር በላይ የመርከብ ነዳጅም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ በኡናላስካ የተዘጋጀው ከነመንሳፈፊያው የተሰናዳ የጉተታ ገመድ ጥቅል ነው፤ በሄሊኮፕተር ተወስዶ በመርከቡ ወለል ላይ ሊወርድ ወይም ለማንኛውም በአቅራቢያ ላለ ብርቱ መርከብ ሊሰጥ ይችላል። ዋጋው ከአንድ ጎታች ጋር አይነጻጸርም፤ ብርቱ መርከብ በአካባቢው ከሌለ ግን ጥቅሉ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ባብ ኤል ማንደብ

የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያውም በየዓመቱ ከእርሻው ወቅት በፊት በጅምላ ጫኝ መርከቦች ይመጣል። ከዚህም ሌላ በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚሠለጥኑ የመርከብ መካኒኮችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በዓለም መርከቦች ተሰማርተዋል፤ ሞተር ሲቆም ከታች፣ ከሞተሩ ክፍል የሚገኙት እንደነርሱ ያሉት ናቸው። ወደብ የሌላት አገር ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ የሩቅ ጉዳይ አድርገው ሊያዩት የማይገባው ስለዚህ ነው።

በ2024 በደቡባዊ ቀይ ባሕር የታዩ ሁለት ክስተቶች ሥዕሉን ያሳያሉ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን በሁቲዎች የተመታችው ሩቢማር 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭና ነበር። ሠራተኞቿ ለቀቋት፤ ውኃ እያስገባችና ነዳጇ እየፈሰሰ ለሁለት ሳምንት ያህል ከውኃ በላይ ቆየች። ወደ ጅቡቲ ትጎተት የሚል ሐሳብ ቢቀርብም አልተፈጸመም፤ ማርች 2 ቀን ሰመጠች። ጎታች ቢገኝ እንኳ የተጎዳውን መርከብ የሚቀበል ወደብ አስቀድሞ ካልታወቀ ጉተታው መድረሻ የለውም። ብክለት የሚያሰጋው ወደብ በሩን መዝጋቱ የሚጠበቅ ነው፤ በአውሮፓም በ2002 ፕሬስቲጅ ከዳርቻ እንድትርቅ ተደርጋ ስትጎተት ቆይታ ለሁለት ተሰብራለች።

ሁለተኛዋ ሱኒየን ናት። ኦገስት 21 ቀን ተመታች፤ 25ቱ ሠራተኞቿ በማግሥቱ በፈረንሳይ የጦር መርከብ ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ፤ ከዚያም ታጣቂዎቹ ወለሏ ላይ ፈንጂ አጥምደው አቃጠሏት። የጫነችው ድፍድፍ 150,000 ቶን ገደማ ነበር። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የተሞከረው ጉተታ ለአዳኞቹ ደኅንነት አስተማማኝ ባለመሆኑ ተቋረጠ። በአውሮፓ ኅብረት የጦር መርከቦች ታጅቦ የግሪኩ ጎታች አይጋዮን ፔላጎስ ጉተታውን የጀመረው ሴፕቴምበር 14 ቀን ነው። ጥቃቱ በደረሰ በ24ኛው ቀን መሆኑ ነው።

አሞኮ ካዲዝ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነበራት፤ ሱኒየን 24 ቀን አገኘች። ልዩነቱን ያመጣው የቀይ ባሕር ዝግጅት አልነበረም። ሱኒየን መልሕቋ ይዟት ቆማ ስለነበረ አልተንሳፈፈችም፤ የባሕሩም ሁኔታ እንደ ብሪታኒ ክረምት አልነበረም። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አገሮች በ1982 በጂዳ ለብክለት አደጋ የሚተባበሩበትን ስምምነትና ፕሮቶኮል ፈርመዋል፤ ጅቡቲም በዚሁ ማዕቀፍ አባል ናት። ኢትዮጵያ ዳርቻ ስለሌላት አባል አይደለችም፤ ነገር ግን ጭነቷ በየዕለቱ በዚያ ውኃ ላይ ያልፋል። ለጥናት የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ ጎታቹ በጅቡቲ ቢመደብ የጥበቃው ወጪ ከሚያልፈው መርከብ ይሰብሰብ፣ ከወደቡ ገቢ ይሸፈን፣ ወይስ ጭነቱ የሚደርሳቸው አገሮች እንደ ድርሻቸው ይክፈሉት? የተጎዳውስ መርከብ በየትኛው የባሕር ወሽመጥ ይጠለል? የሱኒየን ነዳጅ ወደ ሰሜን ተጎትታ በሱዌዝ አካባቢ ተራግፎ ያለቀው በጃንዋሪ 2025 ነበር።